ባዶው ሼድ

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ገላን ሲታጠፉ፣ የጅቡቲ ተሳቢዎች ቀንና ሌሊት በሚያልፉበት መንገድ ዳር፣ ሰማያዊ ጣሪያ ያላቸው ሁለት ሼዶች ጎን ለጎን ቆመዋል። በአንደኛው የኤሌክትሪክ መኪና ይገጣጠማል። ሁለተኛው፣ በየካቲት 2016 መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ፣ ባዶ ነበር። ወለሉ ተለስኗል፣ የመብራት መስመሩ ተዘርግቷል፣ ሰፊው የጭነት በር ተገጥሟል። ውስጡ የነበረው ግን የዘበኛው ሚስት ያሰጣችው በርበሬ ብቻ ነው። በምሳ ሰዓት ወጣቶቹ ሠራተኞች በርበሬውን ላለመርገጥ እየተጠነቀቁ ኳስ ይጫወቱበታል።

የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ባለቤቱ የሒሳብ መዝገባቸውን የከፈቱልኝ በዚህ ስምምነት ነው። በአማካሪነት የተቀጠርኩት ለአንድ ጥያቄ መልስ እንድሰጥ ነበር። በባዶው ሼድ ውስጥ ሁለተኛ የመገጣጠሚያ መስመር ይተከል ወይስ ይቆይ? 43 ገጽ ጽፌ «ይተከል» አልኩ። ባለቤቱ አነበቡት፣ አመሰገኑኝ፣ ክፍያዬን ሳያጓድሉ ከፈሉኝ፤ መስመሩን ግን አልተከሉም። ይህን የምጽፈው የተሳሳትኩበትን ቦታ ካገኘሁ በኋላ ነው። በሁሉም አልተሳሳትኩም፤ ወደዚያም እመጣለሁ።

በዚያ ወቅት «ይተከል» ለማለት ድፍረት አያስፈልግም ነበር። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ የጉምሩክ ቀረጡን በሦስት ከፍሎት ነበር። ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ላልተገጣጠመ ዜሮ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ እገዳ የጀመረ ሌላ አገር አልነበረም። በማግስቱ የፋብሪካው ስልክ አላቋርጥ አለ። ቻይናዊው አቅራቢ ትእዛዙ በእጥፍ ቢያድግ የዋጋ ቅናሽ እንደሚያደርግ ጻፈ። አንድ ባንክ ብድር ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኑን በቃል ገለጸ። የመሬት ጉዳይ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤትም ደብዳቤ ላከ፤ ለኢንቨስትመንት የተሰጠው ቦታ ግማሹ ሳይለማ የቆየበት ምክንያት በጽሑፍ ይገለጽ የሚል። ሁሉም ጣት የሚጠቁመው ወደ ባዶው ሼድ ነበር፤ የእኔም ጣት ተጨመረበት።

ስሌቴ ይህን ይመስል ነበር። ፋብሪካው የሚሠራው በከፊል የተገጣጠመ መኪና ላይ ነው። ቦዲው ተበይዶና ቀለም ተቀብቶ ይመጣል፤ ባትሪው፣ ሞተሩ፣ ጎማው፣ ወንበሩ፣ ፓራውልቱና ዳሽቦርዱ በየሳጥኑ ታሽገው ይከተሉታል። ስለዚህ 5 በመቶ ይከፍላል። ያለቀለት መኪና የሚያስገባው ነጋዴ 15 በመቶ ይከፍላል። በመሐል ያለው 10 በመቶ የፋብሪካው እስትንፋስ ነው። የአንድ መኪና ዕቃ 12,000 ዶላር ያወጣል ብንል፣ ልዩነቱ 1,200 ዶላር ይሆናል። ደመወዙም፣ የባንክ ወለዱም፣ በጉዞ የሚሰበረው ዕቃም፣ ትርፉም ከዚችው ይወጣል። ቋሚው ወጪ በብዙ መኪና ላይ ከተከፋፈለ ለአንዱ የሚደርሰው ድርሻ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መኪናው ይብዛ። ማንኛውም የሁለተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ የሚደርስበት መልስ ነው።

ባለቤቱ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ሀብታቸውን ያገኙት በሶማሌ ተራ መለዋወጫ በመሸጥ ነው፤ አሁንም ብሎን ሲያዩ መጠኑን በዓይን ይለካሉ። ሪፖርቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አሁን በዓመት ስንት መኪና ነው የምንሠራው?»

«ስድስት መቶ ገደማ።»

«መስመሩ ሲተከል ስንት ይችላል ተብሎ ነበር?»

«አንድ ሺህ ሁለት መቶ።»

«ታዲያ ግማሹ ያልሞላ እንስራ እያለን ሁለተኛ እንስራ እንግዛ ትለኛለህ?»

ቁጥሩ በሪፖርቴ ውስጥ ነበር፤ አልደበቅኩትም። 27ኛው ገጽ ላይ ጽፌው፣ ከግርጌ «የሠራተኞች ልምድ ሲዳብር የሚስተካከል» ብዬ አልፌዋለሁ። በምን እንደሚዳብር፣ ለምን እስካሁን እንዳልዳበረ አልጠየቅኩም። መስመሩ በቀን አራት መኪና ማውጣት ሲገባው ሁለት ብቻ ያወጣል። ሌላ መስመር ቢተከል የሚጨመረው ያው በቀን ሁለት የሚያወጣ መስመር ነበር።

ባለቤቱ ጉዳዩን ለምርት ኃላፊዋ ሰጧት። ወጣት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተሯን ዘግታ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ፣ እያንዳንዱን መኪና ከኮንቴይነር እስከ መውጫው በር ተከተለችው። መኪናው ሰው እጁን ሲያሳርፍበት በአረንጓዴ፣ ቆሞ ሲጠብቅ በቀይ ጻፈች። ደብተሩን አሳይታኛለች፤ ከሩቅ ሲያዩት ቀይ ነው። ብሎን ማሰሩ፣ ወንበር መግጠሙ፣ መስታወት ማጣበቁ ተደምሮ አንድ ቀን አይሞላም። የቀረው ጊዜ ጥበቃ ነበር።

በጣም የገረመኝ የሰዓት ጉዳይ ነው። መኪናው ተገጣጥሞ ስላለቀ ብቻ አይንቀሳቀስም። ባትሪውን፣ ሞተሩንና ፍሬኑን የሚያስተዳድሩት ትንንሽ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ እንዲተዋወቁ የአምራቹ ሶፍትዌር በኢንተርኔት ሊያነቃቸው ይገባል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ባለሙያ ደግሞ ቻይና ነው የተቀመጠው። ቻይና ከእኛ በ5 ሰዓት ትቀድማለች። ገላን ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት ሆኖ ሠራተኛው ምሳ ዕቃውን ሲከፍት፣ እዚያ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ ሰውየው ቦርሳውን አንስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሥራ የሚጀመረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነበር። ሁለቱ አገሮች አብረው የሚሠሩት ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ መሆኑ ነው። አብዛኛው መኪና ተገጣጥሞ የሚያልቀው ግን ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ እስከ ነገ ይቆማል። ዓርብ ከሰዓት ያለቀው ሰኞን ይጠብቃል። የቻይና አዲስ ዓመት ሲመጣማ አይነሳ። የቆመው መኪና መውጫውን ስለሚዘጋ የኋላው አይገፋም፤ ሠራተኛው ደግሞ ኳስ ይጫወታል። በርበሬው አጠገብ ያየሁት ጨዋታ የምሳ ሰዓት መዝናኛ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አልጠየቀም ማለት ይቻላል። በማታ ያለቁት መኪናዎች በግቢው ዳር እንዲሰለፉ ተደርጎ፣ ሶፍትዌሩን የሚጭኑት ሁለት ልጆች ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንዲገቡና ከሌላ ሥራ በፊት ይህን እንዲጨርሱ ተወሰነ። ከአቅራቢው ጋርም አንድ ባለሙያ በሳምንት አራት ቀን ሁለት ሰዓት እያመሸ እንዲሠራ ስምምነት ተደረሰ። ለእሱ በየወሩ የይርጋጨፌ ቡና ይላክለታል። በውሉ ውስጥ የለም፤ ጋሼ የጨመሩት ነው።

ሁለተኛው ቀይ ቀለም የጎደለ ዕቃ ነበር። ሳጥን የሚከፈተው መስመሩ ላይ ስለነበር፣ የግራ መብራት በሁለት ቀኝ መብራት ተተክቶ መምጣቱ የሚታወቀው መኪናው መሐል መንገድ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። አሁን ሳጥኑ ከሞጆ ደረቅ ወደብ በደረሰ በሁለት ቀን ውስጥ ይከፈትና ይቆጠራል፤ ዕቃው ሙሉ ያልሆነ መኪና መስመር ላይ አይወጣም። ለዚህ ሰፊ ቦታ ያስፈልጋል። የባዶው ሼድ ግማሽ የዕቃ መቀበያና መመርመሪያ ሆነ። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች መጥተው ሲያዩ መደርደሪያ፣ ፎርክሊፍትና ሠራተኛ አገኙ፤ ደብዳቤው በዚህ ተዘጋ።

ሦስተኛው የባትሪ ጣቢያው ነው። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ከ300 ቮልት በላይ ስለሚሸከሙ፣ በፋብሪካው ደንብ መሠረት ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች በሌሉበት ማንም አይነካቸውም። አንዱ ሲያስር ሌላው ቆሞ ያያል። የሠለጠኑት አራት ብቻ ነበሩ። አንዱ ለቅሶ ከሄደ፣ ሌላው ልጁ ከታመመበት፣ መስመሩ ይንቀረፈፋል። አገራችን ውስጥ ደግሞ ለቅሶ የሌለበት ሳምንት የለም። ስድስት ሰዎች ተጨምረው ሦስት ወር ሠለጠኑ። እኔ በሪፖርቴ ሠራተኛ በሁለት ሳምንት ተቀጥሮ ሥራ ይጀምራል ብዬ ነበር፤ ለወንበር ገጣሚ እውነት ነው፣ ለባትሪ ግን ሰው ማቃጠል ነው።

በሰኔ መጨረሻ መስመሩ በቀን ሦስት መኪና ያወጣ ጀመር። አራት አልደረሰም፤ ዛሬም አልደረሰም።

መሐንዲሷ በዚያ ሰሞን ጋሼን ለማሳመን የቴስላን ታሪክ ታነሳ ነበር። ያሳመነችው ግን እሳቸውን አይደለም፤ እሳቸው ከመጀመሪያው አምነዋል፤ እኔን ነው። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2017 ሞዴል ሦስትን ማምረት ሲጀምር፣ በሦስተኛው ሩብ ዓመት 1,500 እሠራለሁ ብሎ 260 ብቻ አወጣ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለው ፋብሪካው ቀድሞ የቶዮታና የጄኔራል ሞተርስ የጋራ ፋብሪካ የነበረ ሰፊ ግቢ ነው፤ ቦታ አልጠበበውም። የያዘው ነገር ሰው መሥራት የሚችለውን ሁሉ ለሮቦት መስጠቱ ነበር። ኢሎን መስክ እ.ኤ.አ. በ2018 ሚያዝያ ከመጠን ያለፈው አውቶሜሽን የራሱ ስህተት እንደነበረ፣ የሰው አቅምም ከሚገባው በታች እንደተገመተ በይፋ ጻፈ። በዚያው ዓመት በግቢው ውስጥ ድንኳን ተክሎ ተጨማሪ መስመር ዘረጋና በሳምንት 5,000 መኪና የደረሰው በሰኔ መጨረሻ ነበር። ሪቪያን የተባለው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በጆርጂያ ሊገነባው የነበረውን ግዙፍ ፋብሪካ አቆይቶ፣ አዲሱን ሞዴል ኢሊኖይ ውስጥ ባለው ነባር ፋብሪካው ለመጀመር ወሰነ፤ በዚህም ከ2.25 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚቆጥብ ገለጸ። ለጋሼ ይህ ሁሉ ሩቅ ነው። እሳቸው የሚያስቡት ሞጆን ነው። እዚያ ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር እ.ኤ.አ. በ2013 ሲከስር ሶማሌ ተራ ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው ወሬውን ሰምተዋል፤ «መኪና መገጣጠም የሚችል ሰው ነበር፤ መገጣጠም ብቻውን አይበቃም» ይላሉ።

አንድ ፈተና ግን እሳቸውንም አወላውሏቸዋል፤ የዜሮ ቀረጡ። ሙሉ በሙሉ ያልተገጣጠመ መኪና ቢያስገቡ 5 በመቶውም ይቀራል። በ12,000 ዶላር ላይ 600 ዶላር ነው፤ በዓመት 600 መኪና ቢሠራ 360,000 ዶላር። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ቦዲው በቆርቆሮ መልክ ስለሚመጣ ብየዳም ቀለምም ገላን ላይ መሠራት አለበት። የብየዳ መያዣ ለእያንዳንዱ ሞዴል ለብቻው ይሠራል፤ ሞዴሉ ሲቀየር ብረት ሆኖ ይቀራል፤ የቻይና አምራቾች ደግሞ ሞዴል የሚቀይሩት እንደ ሸሚዝ ነው። ቀለሙም የሚረጭ ብቻ አይደለም። ቦዲው ዝገት እንዳይበላው በኤሌክትሪክ በተሞላ የቀለም ገንዳ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተነክሮ፣ በምድጃ ተጋግሮ ይወጣል። ገንዳው ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃው ከዚያ ወጥቶ የሆነ ቦታ ይሄዳል፤ የአቃቂ ወንዝ ደግሞ የተሸከመው ይበቃዋል። ከቀረቡት ዋጋዎች ዝቅተኛው የአሥራ አምስት ዓመት ቁጠባውን ይበላል፤ ወለድ ሳይቆጠር። እኔ ይህን በሁለተኛው ምዕራፍ ይታይ ብዬ ነበር። መሐንዲሷ አንድ መስመር ጽፋበት መለሰችልኝ፦ «የቀረጥ መመሪያ በአንድ ደብዳቤ ይቀየራል፤ የቀለም ገንዳ ግን አይመለስም።»

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀ። 57 ብር የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በ57 ብር ሒሳብ 684,000 ብር የነበረው ያው 12,000 ዶላር፣ በ110 ብር 1,320,000 ብር ሆነ። ልዩነቱ ለአንድ መኪና 636,000 ብር ነው።

እዚህ ላይ የቅድመ ክፍያውን ጉዳይ መናገር አለብኝ፤ የሪፖርቴ ትልቁ ስህተት እዚያ ነውና። ለሁለተኛው መስመር የሚያስፈልገውን ገንዘብ በከፊል ከደንበኞች ቅድመ ክፍያ ለማግኘት አቅጄ ነበር። 250 ሰዎች በቁርጥ ዋጋ እንዲመዘገቡ፣ ገንዘባቸው ለማሽኑ እንዲውል። በእገዳው ሰሞን 250 ሰው ማግኘት በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ሥራ ነበር። ጋሼ ግን ደንብ ነበራቸው፤ ዕቃው ተከፍሎ ጅቡቲ ላልደረሰ መኪና ከማንም ገንዘብ አይቀበሉም። ሐምሌ 22 ቀን በመዝገቡ ላይ የነበሩት ቅድመ ከፋዮች 31 ነበሩ። የ22ቱ ዕቃ በአሮጌው ዋጋ ተከፍሎ አልቋል። የቀሩት 9 ደንቡ የተጣሰላቸው ናቸው፤ የአክስት ልጅ፣ የማኅበር ጓደኛ፣ የቀድሞ የሶማሌ ተራ ጎረቤት። ይሉኝታ ነው። ለነሱ መኪናውን በተዋዋሉበት ዋጋ አስረከቡና ወደ 5.7 ሚሊዮን ብር ከኪሳቸው ጨመሩ። በእኔ ዕቅድ ተሂዶ ቢሆን ዕቃቸው ያልተከፈለው 228 ይሆኑ ነበር፤ 145 ሚሊዮን ብር። ስሌቱን ሠርቼ ያሳየኋቸው እኔው ነኝ። ጋሼ ስለ 145 ሚሊዮኑ ምንም አላሉም። «ዘጠኙ ግን ያበሳጫል» አሉ።

ባንኩም ቢሆን የሚታመን አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ስለነበር፣ በቃል የተገባው ብድር ሲጠየቅ «ጣሪያው ሞልቷል» የሚል መልስ መጣ። ማሽኑ ታዝዞ፣ ግማሹ ተከፍሎ፣ ብድሩ ሲቀር ምን ይከተል እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

አሁን ትክክል ወደነበርኩበት ልመለስ። ጥንቃቄው በነፃ አልተገኘም። አቅራቢው ቅናሹን ለሌላ ገጣጣሚ ሰጠ፤ ያ ገጣጣሚ ዛሬ ተመሳሳዩን መኪና በርካሽ ይሸጣል። ከሠለጠኑት አሥር የባትሪ ባለሙያዎች ሦስቱ «እዚህ ዕድገት የለም» ብለው ሄዱ፤ ስህተት ተናገሩ አልልም። እኔ እነሱን ለማቆየት የደረጃ መሰላል እንዲዘጋጅ በሪፖርቴ መክሬ ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም። ሁለተኛ ፈረቃ ለመጀመር የተሞከረውም ከሸፈ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ከገላን ወደ ቃሊቲ የሚወስድ ታክሲ ስለማይገኝና ሰርቪስ ለመመደብ ጋሼ ሁለት ወር ስላመነቱ። ጥንቃቄ አንዳንዴ ስንፍና ጥሩ ልብስ ለብሶ ነው፤ የሰርቪሱ ጉዳይ ያ ነበር። መሐንዲሷም በግልጽ ነግራቸዋለች፦ «ጋሼ፣ መስመሩን ማቆየትዎ ገብቶኛል። ሚኒባሱን ማቆየትዎ ግን አልገባኝም።» በማግስቱ ሚኒባሱ ተከራየ፤ ፈረቃው ግን የተጀመረው በግማሽ ሠራተኛ ነው።

ባለፈው ጥቅምት በድጋሚ ሄጄ ነበር። የአቅራቢው አዲስ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አዲስ ሞዴል፣ አዲስ ቅናሽ፣ እንደገና የትእዛዝ እጥፍ። የሕዳሴው ግድብ ከተመረቀ ሁለት ወር አልሞላውም፤ ስለ መብራት የሚያነሳ ደንበኛ ቀንሷል፤ ስለ ዋጋ የሚያነሳው ግን በዝቷል። መሐንዲሷ የስሌት ወረቀቷን ይዛ ገባች። ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው ሳያዩት ጠየቁ።

«ግቢ ውስጥ ያልተሸጠ ስንት ቆሟል?»

«አሥራ አራት።»

«ዕቃው የተከፈለ የስንት ወር አለን?»

«የሁለት ወር ተኩል።»

«ከአሥር ይውረድ፤ ሦስት ወር ይሙላ። ያን ቀን ወረቀቱን አምጪልኝ።»

ወረቀቱን መልሳ ይዛው ወጣች። እኔም ተከትያት ወደ ሁለተኛው ሼድ ሄድኩ። በግማሹ መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ደርሷል። በሌላው ግማሽ ወለሉ ላይ በነጭ ቀለም መስመሮች ተሠምረዋል፤ እያንዳንዱ ጣቢያ የት እንደሚሆን፣ የባትሪ ማንሻው የት እንደሚቆም፣ ሳጥኑ ከየት እንደሚገባ። «ይህን ማን አዘዘሽ?» አልኳት። «ማንም። ቀለሙ የተረፈ ነው» አለች። በአራተኛውና በአምስተኛው ጣቢያ መካከል የዘበኛው ሚስት በርበሬ ተሰጥቷል።